የተቆረጠው ሦስተኛ ዓምድና የአክስቴ ጤነኛ ጥርስ

ለጥርስ ሕክምና ኮሌጃችን ክቡር የምርምር ዲን
ግልባጭ፦ ለኮሌጁ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች በሙሉ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለጥርሶችዎ ደኅንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ። ስለ ጥርሶችዎ ይህን ያህል የምጨነቅበትን ምክንያት ከደብዳቤዬ ግርጌ ያገኙታል።

ነገሩ የተበላሸበትን ቅጽበት በትክክል ስለማውቀው ከእሱ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ። ባለፈው ወር፣ ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በትልቁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ዘጠነኛው ስላይድ ሲበራ ነው። እኔ በሩ አጠገብ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ግድግዳው ላይ የወጣው ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሠንጠረዥ ነው። የሠራሁት ባለ ሦስት ዓምድ ነበር፤ የወጣው ባለ ሁለት። እጄን አውጥቼ ሦስተኛው ዓምድ የት እንደ ደረሰ ጠየቅሁ። እርስዎም ማይኩን ከተናጋሪው እጅ ተቀብለው፣ ሁሉም ሰው በሚወድልዎ በዚያ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «ቅናቱን ለሻይ ሰዓት እናቆየው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን አያውቅም።

የሻይ ሰዓቱ መጥቶ አለፈ፤ ስለ ዓምዱ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እርስዎ ያቆዩልኝ ቅናት ግን ሳይበላሽ ስላለ፣ እነሆ በቁጥር ከፋፍዬ በአክብሮት አቀርባለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ ጥርስ ሕክምና ተምሬ ነጭ ጋዎን ከለበስኩ በኋላ ተመልሼ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የተማርኩ፣ ዛሬ በካርድ ክፍል ተቀምጬ የምሠራ የዚህ ኮሌጅ ተመራማሪ ነኝ። የተቀጠርኩበት ደብዳቤ በእርስዎ ፊርማ የወጣ ሲሆን፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን በጥርስ ሕክምና ላይ ለማዋል የሚያስቸግሩትን ዋና ዋና የምርምር ጥያቄዎች ለይቼ እንዳቀርብ ያዘኛል። ለይቼ አቀረብኩ። በዚያ ማክሰኞ የተሸለመው ግን «ባለ ስክሪኑ» እያልን የምንጠራው የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ነው። እሱ የሠራው ማሽን የታካሚውን ካርድና ራጅ አንብቦ፣ ከሕክምናው ወንበር በላይ በተሰቀለ ስክሪን ላይ መነካት ያለበትን ጥርስ በቀይ ያበራል። ማሽኑ ያምራል። ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም፤ እውነትም ያምራል።

አንደኛ፦ በክፍሉ እቀናለሁ። ባለ ስክሪኑ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት መስኮት፣ የሚሽከረከር ወንበርና በሩ ላይ የተለጠፈ ስም አለው። የእኔ ክፍል ከምድር በታች ነው፤ መስኮት የለውም። በምትኩ የሕክምና ክፍል ሁለት ቧንቧ በአናቴ ላይ ስለሚያልፍ፣ ከላይ አንድ ታካሚ አፉን በተጉመጠመጠ ቁጥር ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። እዚያ ተቀምጬ አሥራ አራት ሺህ ካርድ አነበብኩ። አንዱ ሐኪም «ተቦርቡሯል» ብሎ የጻፈውን ሁለተኛው «ቀዳዳ አለው» ይለዋል፤ ሦስተኛው «ጥቁር» ብሎ ያልፈዋል፤ አራተኛው ክብ ሠርቶ መሐሉ ላይ ነጥብ ያደርጋል። አራቱም አንድ ነገር እንደሆኑ እኔና እርስዎ እናውቃለን፤ ኮምፒውተር ግን አያውቅም፣ ሰው አይጠይቅም፣ አያፍርምም። ከሁሉ አብልጬ የምወደው «እንደ ባለፈው» የሚለውን ነው። በሁለት መቶ ስድስት ካርዶች ላይ አገኘሁት፤ ከእነሱ ውስጥ አርባ አንዱ የታካሚው የመጀመሪያ ካርድ ናቸው።

ለአንድ ሕመም አንድ ስም እስካልተስማማን ድረስ የምናስገባው ኮምፒውተር ሁሉ የተሻለ የጽሕፈት መኪና ከመሆን እንደማያልፍ ገልጬ ሰባ ገጽ ጻፍኩ። እርስዎም «የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ ምርምር አይደለም» የሚል ማስታወሻ በአረንጓዴ ቀለም ጽፈው መለሱልኝ። ስለ አረንጓዴው ቀለም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በክፍሌ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ በጭብጨባው እቀናለሁ። ክቡርነትዎ የምርምር ሥራ በዝቶብዎ ወደ ሕክምና ክፍሎቹ ከወረዱ ስለ ቆዩ፣ እዚያ የሚሆነውን በጥቂቱ ላስታውስዎ። ሐኪሙ ሁለት እጁ የሰው አፍ ውስጥ ነው፤ ጓንቱ በምራቅና በደም ርሷል፤ በዚያ እጅ የኮምፒውተር ቁልፍ አይነካም። ስለዚህ የክፍል አራቷ ሲስተር እጅጌዋ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ፣ ሐኪሙ የሚነግራትን በእስክርቢቶ እዚያ ላይ ትጽፋለች፤ ለምሳ ሲወጡ ፕላስተሩን ልጣ ወደ መዝገብ ትገለብጠዋለች። ፕላስተሩ በላብ በተላቀቀበት ቀን፣ በመዝገባችን መሠረት፣ የዚያ ጠዋት ታካሚዎች በሙሉ ጥርስ የላቸውም። ሐኪሙ ሲናገር እየሰማ የሚጽፍ ሶፍትዌር ይሻል እንደሆነም ሞክሬአለሁ። ሶፍትዌሩ የመቦርቦሪያውን ጩኸት «እሺ እሺ እሺ» ብሎ መዘገበው፤ ስለዚህ ያ ታካሚ በሁሉም ነገር ተስማምቷል ማለት ነው። ጫጫታ ባለበት፣ እጅ በተያዘበት፣ ታካሚው አፉን ከፍቶ መናገር በማይችልበት ቦታ መረጃ እንዴት ይያዝ የሚለው የሙያችን ከባድ ጥያቄ መሆኑን አስረድቼ የጥናት ሐሳብ አቀረብኩ። ኮሚቴው ሳቀና የሲስተሮች ጉዳይ ነው አለ።

በዚያ ማክሰኞ ግን ስድስተኛው ስላይድ «በድምፅ የሚሠራ የወደፊቱ ክሊኒክ» የሚል ነበር፤ ከጽሑፉ ሥር አንድ ፈገግ ያለ ሐኪም ቆሟል። አርባ ሰከንድ ተጨበጨበ፤ ሰዓቴን እያየሁ ነው የቆጠርኩት። ሐኪሙ ጓንት አላደረገም።

ሦስተኛ፦ በማሽኑ የዘጠና ሰባት በመቶ እርግጠኝነት እቀናለሁ፤ እኔ በሕይወቴ ስለ ምንም ነገር ያን ያህል እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ሁለት መቶ ራጆች ወስጄ ለሦስት ሐኪሞች ለየብቻ ሰጥቼ የተቦረቦረውን ጥርስ እንዲያመለክቱ ጠይቄ ነበር። ከሦስት ራጅ በአንዱ ላይ አልተስማሙም። ከወር በኋላ እነዚያኑ ራጆች ቅደም ተከተላቸውን ቀያይሬ ለአንዱ ብቻ መልሼ ብሰጣቸው፣ ከራሳቸውም ጋር አልተስማሙም። እኒህ ሐኪም በክፍል ሁለት ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት፣ ጥርስን ከአንድ እስከ ሠላሳ ሁለት እየቆጠሩ ስለሚጽፉ ሁላችንም ጋሼ ሠላሳ ሁለት የምንላቸው ናቸው። ውጤቱን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያስላቸው ሳቁና፣ ከወር በፊት የነበረው ሰውዬ ከዛሬው ከእሳቸው ሳይሻል እንደማይቀር ነገሩኝ። እንግዲህ ሐኪም ከራሱ ጋር ካልተስማማ፣ ማሽኑ የሚማረው ከየትኛው ነው? ይህን ጥያቄ ለባለ ስክሪኑ አቅርቤለት፣ ማሽኑ የሚማረው ከብዙ መረጃ እንደሆነ አስረድቶኛል።

አራተኛ፦ እሱን «ልጄ» ይሉታል። እኔን «ያቺ ካርድ ክፍል ያለችው» ይሉኛል። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ በቁጥር መቀመጥም ባልነበረበት። ነገር ግን የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን፣ የአናቶሚ ፈተና ልንገባ አንድ ሰዓት ሲቀረን፣ የላይ መንጋጋ ጥርስን ከታች መንጋጋ ጥርስ መለየት አቅቶት ደረጃው ላይ ሲያልበው፣ ሥሮቹን ቁጠር፣ ሦስት ከሆኑ የላይ ነው፣ ሁለት ከሆኑ የታች ነው ብዬ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። እሱ ልጅዎ ከሆነ፣ ክቡር ሆይ፣ እኔም ቢያንስ የሩቅ ዘመድ ሳልሆን አልቀርም።

አምስተኛ፦ ወደ ዓምዱ ደረስኩ።

በዚህ ኮሌጅ ጥርስ የሚቆጠርበት መንገድ ሁለት ነው። በክፍል ሁለት ጋሼ ሠላሳ ሁለት ከላይ ከቀኝ ጥግ ጀምረው ዞረው እስከ ሠላሳ ሁለት ይቆጥራሉ። በክፍል አራት ያሉት ወጣት ሐኪሞች ግን አፍን ለአራት ከፍለው ሁለት አኃዝ ይጽፋሉ፤ የመጀመሪያው ሩቡን፣ ሁለተኛው ከመሐል ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በሁለቱም በዓለም ላይ ይሠራል። ችግሩ አንዱ ቁጥር በሁለቱ ክፍሎች የተለያየ ጥርስ መሆኑ ነው። አሥራ ስምንት ቁጥር በክፍል ሁለት ከታች በግራ ያለ መንጋጋ ጥርስ ነው፤ በክፍል አራት ደግሞ ከላይ በቀኝ በኩል የመጨረሻው። የሠንጠረዤ የመጀመሪያ ዓምድ የካርዱን ቁጥር፣ ሁለተኛው የጥርሱን ቁጥር ይይዛል፤ ሦስተኛው ጥርሱ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተቆጠረ ይናገራል። አሥራ አራት ሺህ ጊዜ፣ ካርድ በካርድ፣ የእጅ ጽሑፉን እየለየሁ የሞላሁት ይህን ሦስተኛውን ነው። ከሦስት ዓመቴ ሁለቱ እዚያ ውስጥ ናቸው።

ባለ ስክሪኑ ፋይሉን ሲጠይቀኝ በፍላሽ ሰጠሁት። ለስላይድ ሲያዘጋጀው ሦስተኛው ዓምድ ከጠርዝ አልፎ ወጣበት፤ ቆረጠው፤ ፋይሉን እንደ ተቆረጠ አስቀመጠው፤ ማሽኑንም ያስተማረው ከዚያው ፋይል ነው። ማሽኑ ሁሉንም ቁጥር እንደ ክፍል አራት አነበበ። እንደ አምስትና እንደ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች በዚያ አቆጣጠር ስለማይገኙ «የተበላሸ መረጃ» ብሎ ጣላቸው። ከክፍል ሁለት ቁጥሮች የቀሩት፣ ማለትም ከግማሽ የሚበልጡት፣ የሌላ ጥርስ ስም ይዘው በሰላም ገቡ። የተጣሉትም በሪፖርቱ ውስጥ «የመረጃ ጸሐፊዋ የጽሑፍ ግድፈት» ተብለው ተመዝግበዋል። ስለ ምስጋናው ክፍል ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም፤ በመጨረሻው ስላይድ፣ ከአዳራሽ ጽዳት ሠራተኞች ቀጥሎ፣ «ለመረጃ ጸሐፊዋም» ተብሎልኛል።

ከማክሰኞው በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ወደ ኮሌጁ ሆስፒታል መጣች። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከሳምንት በፊት ጋሼ ሠላሳ ሁለት አይተዋት በካርዷ ላይ «18፣ ይነቀል» ብለው ጽፈው ነበር። የክፍል ሁለት ወንበር ውኃ ስላፈሰሰ ወደ ክፍል አራት ላኳት። ስክሪኑ ካርዷን አነበበና ከላይ በቀኝ በኩል ቀይ አበራ። አክስቴ ጉንጯን ይዛ የሚያማት በግራ፣ ከታች እንደሆነ ተናገረች። ወጣቱ ሐኪም ስክሪኑን አየ፤ አክስቴን አየ፤ እንደገና ስክሪኑን አየ። ከዚያም፣ «ሕመም ይዞራል እናቴ፤ ማሽኑ አይሳሳትም» አላት።

ሕመም ከላይ ወደ ታች ሊዞር እንደሚችል እኔም ተምሬአለሁ። ከቀኝ ወደ ግራ መሻገሩ ግን ለሙያው አዲስ ግኝት ስለሆነ፣ ኮሌጃችን በዓለም አቀፍ መጽሔት እንዲያሳትመው በትሕትና እመክራለሁ።

አክስቴ የተነቀለውን ጥርስ በመሐረብ ጠቅልላ ወደ እኔ ክፍል ወረደች። በቀኝ በኩል ጥጥ ነክሳ፣ ግራ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ነበር። መሐረቡን ስትፈታው ጥርሱን አገላብጬ አየሁት። አንድ ጥቁር ነጥብ የለበትም። ሥሮቹን ቆጠርኩ። ሦስት ናቸው።

አሁን የምጽፈውን ሰው እንዲያውቅብኝ አልፈልግም ነበር፤ ነገር ግን ቅናቴን በጽሑፍ አቀርባለሁ ካልኩ ግማሹን መደበቅ አይገባኝም። እነዚያን ሦስት ሥሮች እንዳየሁ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ለመቁጠር ለሚበቃ ጊዜ ያህል፣ ደስ አለኝ። አክስቴ ፊት ለፊቴ ደም እየዋጠች፣ እኔ ባለ ስክሪኑ መሳሳቱን አይቼ ደስ አለኝ። ከዚያ አክስቴ በጥጡ መሐል፣ «እኔ አልተማርኩም ልጄ፤ እሱ ተምሯል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። ያን ጊዜ በደስታዬ አፍሬ ጥርሱን በመሐረቡ መልሼ ጠቀለልኩት። ስለዚህ ቅናተኛ ናት ያሉት ልክ ነበሩ፤ እርስዎ ባሰቡት ሳይሆን በዚህ።

ጋሼ ሠላሳ ሁለት የታመመውን ጥርስ በዚያው ቀን በራሳቸው እጅ ነቀሉላት። ሲጨርሱ ከወንበሯ አጠገብ ዝቅ ብለው ቁጥሩን የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን ነግረው ይቅርታ ጠየቋት። እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ያጠፉት ግን ምንም የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን በቀይ እስክርቢቶ «በእኔ አቆጣጠር» ብለው ይጽፋሉ። የቆረጣችሁትን ሦስተኛ ዓምድ እኒህ ሰው በእጃቸው መልሰው እየተከሉት ነው። ጤነኛው ጥርስ ደግሞ በአክስቴ የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከሸሚዝ ቁልፎች ጋር ተቀምጧል። መልሶ መትከል ይቻል እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠየቀችኝ፤ አይቻልም አልኳት፤ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ለባለ ስክሪኑ ነገርኩት። ፋይሉን ከፈተ፤ አየው። ዓምዱን የቆረጠው ስላይዱ ላይ አልገባ ብሎት እንደነበር ተናግሮ፣ ለእርስዎ ራሱ እንደሚያስረዳዎት ቃል ገባልኝ። አመንኩት። ሳምንት ሳይሞላ የኮሌጁ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከእርስዎ ፊርማ ሥር የባለ ስክሪኑም አለ። ደብዳቤው አደጋው የደረሰው በመረጃ አስገቢዋ ስህተት መሆኑን አምኜ እንድፈርም ይጠይቃል። ማሽኑ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ወደ ዘጠኙ የኮሌጁ ቅርንጫፎች ስለሚላክ ፊርማዬ በቶሎ እንደሚፈለግም ይገልጻል። ክቡር ሆይ፤ ስላይዱ ላይ ጸሐፊዋ ነበርኩ፤ በዚህ ደብዳቤ ላይ ግን ስሜ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳት ተጽፏል። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ላደረጉልኝ ክብር ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም።

አልፈርምም። ደብዳቤዎን ከዚህኛው ጎን በሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ባለ ሦስት ዓምድ ፋይልም ለባለ ስክሪኑ ከሰጠሁበት ቀን ጋር ለዘጠኙም ቅርንጫፎች ኃላፊዎች ልኬላቸዋለሁ። ማሽኑ ይሠራ፤ ያምራል ብያለሁ፤ ነገር ግን ዓምዱ ሳይመለስለት አንድም ሰው አፉን እንዲከፍትለት አልፈቅድም። ከዛሬ ጀምሮ ሲሸለም ስም የሌለኝ፣ ጥፋት ሲመጣ ስሜ ከነአያቴ የሚጠራ ሰው መሆንን አልቀበልም። ለጠየቅሁት ጥያቄ የስሜቴ ስም መልስ ሆኖ ሲሰጠኝ አልቀበልም፤ ቀንቼም ቢሆን ጥያቄዬ ጥያቄ ነው። ከሁሉም በላይ፣ የሚያማትን ቦታ በእጇ ይዛ ለምታሳይ ሴት፣ የሚያማት ሌላ ቦታ እንደሆነ ሲነገራት ቆሜ ማየትን አልቀበልም። አክስቴ በዚህ በኩል ነው ካለች፣ በዚህ በኩል ነው።

ከክፍል ሁለት ቧንቧ ሥር፣ የሚጉመጠመጥ ሁሉ በሚሰማበት ክፍል ተቀምጬ፣ የማይጎድል አክብሮቴን በድጋሚ አቀርባለሁ፤

የአያቴን ስም እንኳ አጥርተው የሚያውቁልኝ፣
ዛሬም የምቀና፣
የካርድ ክፍሏ ተመራማሪ

ማሳሰቢያ፦ የእርስዎን ካርድ ከፍቼ አላየሁም፤ ባየውም አልናገርም፤ የታካሚን ምስጢር መጠበቅ በሰባው ገጼ ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ነገር ግን በዚያ ማክሰኞ ሁለት ነገር በማይክ ነግረውናል፤ ጥርስዎን ሃያ ዓመት ሙሉ ያዩልዎት ጋሼ ሠላሳ ሁለት መሆናቸውንና፣ በመጪው ሐሙስ ከኮሌጁ ሠራተኞች ቀድመው በክፍል አራት በማሽኑ የሚታከሙት እርስዎ መሆንዎን። ምናልባት ግራዎን እያመመዎት በቀኝዎ ጥጥ ነክሰው ቢወጡ፣ ቅሬታዎን ለሻይ ሰዓት ያቆዩት፤ ሕመም ይዞራል።